የመጀመሪያው መዝሙር

ማጫወቻዋ በሃያ አንድ ቀን ውስጥ ያሰማችው አንድ መዝሙር ብቻ ነው። የቀሩት ሁለት መቶ አርባ ምናምን መዝሙሮች ሜሞሪው ውስጥ እንደተቀመጡ አንድም ጊዜ ድምፃቸው አልወጣም።

ሃዋኒ ይህን የደረሰችበት ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ጎጆ ከተማ፣ የእናቷ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነው። የመንገዱ ጭቃ ጫማዋ ላይ ገና አልደረቀም። ቡጢ የምታህለውን ቀይ ማጫወቻ በመዳፏ ይዛ አጠፋቻት፤ መልሳ አበራቻት። ያቺው ዘማሪ፣ ያው ኦርጋን። አጠፋቻት። አበራቻት። ያው።

"ተይ እንጂ፣ ቻርጇን ትጨርሺብኛለሽ" አሉ እናቷ አዴ ወርቅቱ፣ እጃቸውን ወደ ድምፁ ዘርግተው። "እኔ እንኳ ጠዋት አንዴ፣ ማታ አንዴ ነው የምሰማት። እንዳልሽኝ አንዴ ትዘምራለች፣ ሲያልቅ ቀጭ አደርጋታለሁ።"

"አንዴ ብቻ?"

"'መብራት አይታመንም፣ ቆጥቢ' ያልሽኝ አንቺ አይደለሽም? ለነገሩ መቆጠብ ለእኔ ምን አዲስ ነገር አለው? አባትሽ ዜናው አልቆ ሬዲዮኑ ሲያወራ ካገኘው 'የባትሪ ድንጋዩን የምትከፍዪው አንቺ ነሽ?' ይለኝ ነበር፤ ነፍሱን ይማረውና።"

ማጫወቻዋ ላይ አራት ቁልፎች አሉ። ሦስቱ ነጭ ፕላስተር ተለጥፎባቸዋል። የለጠፈችው ሃዋኒ ራሷ ናት። አሁን ሁለተኛው መዝሙር መኖሩን ለማየት የፕላስተሩን ጥግ በጥፍሯ መፈልቀቅ ጀመረች።

"ሃርሜ" አለች እየፈለቀቀች፤ እናቷን ከልጅነቷ ጀምሮ በኦሮምኛ እንዲሁ ነው የምትጠራቸው። "ይሄን ተይውና፣ የመጣሁት ለሌላ ጉዳይ ነው። ያለፈው ሳምንት ማክሰኞ ለምን ቀረሽ? አምቦ ሆስፒታሉ በር ላይ እስከ ስምንት ሰዓት ቆሜ ጠበቅኩሽ።"

"መልእክትሽ ደርሶኝ ነዋ።"

"የምን መልእክት?"

አዴ ወርቅቱ ፈገግ አሉ። ፊታቸው የዞረው ወደ ልጃቸው ሳይሆን ወደ በሩ መቃን ነበር። "መዝሙሯ ናታ።"

የሃዋኒ ጥፍር ፕላስተሩ ሥር እንደገባ ቆመ።

መዝሙሩ በኦሮምኛ ነው። ድምፅዋ ሻከር ያለ አንዲት ሴት ለፈጣሪዋ "ያየሁት ይበቃኛል፣ የቀረውን አንተ እይልኝ" ትላለች። ሌላም ስንኝ አለው፤ ግን እየዞረች የምትመለሰው ወደዚያው ነው። ያየሁት ይበቃኛል።

"መጀመሪያ ቀን ስሰማት ደነገጥኩ" አሉ አዴ ወርቅቱ። "በማግስቱ ሳበራት እሷው መጣች። በሦስተኛውም ቀን እሷው። እንዲህማ በከንቱ አይሆንም አልኩ። ልጄ በአፏ ልትለኝ ያፈረችውን በዚህ ላከችልኝ አልኩ። 'አንቺን አስቤ ነው ያስጫንኩት' ብለሽኝ የለ? ሐኪሙ ለእኔ ያልነገረኝን ለአንቺ ነግሮሽ ይሆናል። ተስፋ የለውም ብሎሽ ይሆናል። እንግዲህ በቃ አልኩ። አንቺን ከሥራሽ፣ ወንድምሽን ከድንቹ ምን አስነሣችሁ?"

ሃዋኒ ጥፍሯን ከፕላስተሩ ሥር አወጣች። ሐኪሙ ያላት ሌላ ነበር፤ አንድም ቃሉን አልረሳችም። ግራ ዓይናቸው አብቅቷል። ቀኙ ውስጥ ግፊት አለ፤ የሚያዩት በቁልፍ ቀዳዳ እንደሚያይ ሰው ነው። ቀዶ ጥገናው የጠፋውን አይመልስም፣ የቀረውን ግን ያቆያል። ከዘገየ የሚቆይ ነገር አይኖርም። ለዚህ ነው ማክሰኞ የተባለው። ማክሰኞ ስታልፍ ተራው ለሌላ ሰው ሄደ፤ የካርድ ክፍሏ ሴትዮ መዝገቡን ገልጣ "ከአራት ወር በኋላ" አለቻት። ወደ ጎጆ ልትደውል ብትል ኔትወርክ የለም። በማግስቱ ልትመጣ ብትል መንገዱ ተዘግቷል። አሥራ አንድ ቀን ሙሉ አምቦ ቁጭ ብላ፣ ቢሮ እየገባች፣ የዞኑን የማዳበሪያ ስርጭት ሰንጠረዥ ስትሞላ ከረመች።

እና ይህን ማጫወቻ ማን መረጠ? እሷው። ቁልጭ ብሎ ነው የታወሳት።

አምቦ ገበያው አጠገብ ሦስት ሱቅ ዞራለች። አንዱ ውስጥ ያለው እንደ ዳንስ ቤት መብራት የሚያብለጨልጭ ነው። ሁለተኛው ውስጥ ያለው ስክሪን አለው፤ ዓይን ለሌለው ሰው ስክሪን ምን ያደርጋል? ሦስተኛዋ ሱቅ ስልክ የሚጠገንባት፣ ዘፈንና መዝሙር ሜሞሪ ላይ የሚጫንባት ጠባብ ክፍል ናት። ባለቤቷ ሚስጥር የምትባል፣ ማስቲካ እያኘከች የምታወራ፣ ሃዋኒን የምታህል ሴት ናት።

"ለማን ነው?"

"ለእናቴ። ዓይኗን ያማታል። መጽሐፍ ማንበብ አቅቷታል። ቀላል ነገር ነው የምፈልገው፣ አብርታ የምታጠፋው።"

ሚስጥር ግራጫና ቀይ ማጫወቻ ጎን ለጎን አስቀመጠች። "ግራጫዋን ውሰጂላት። ስታጠፋት ያቆመችበትን ታውቃለች፤ ስታበራት ከዚያው ትቀጥላለች። ቀይዋ ዝንጉ ነች። ሁሌ ከአንድ ነው የምትጀምረው።"

"ልዩነታቸው ስንት ነው?"

"አራት መቶ ብር።"

"ላለመርሳት ብቻ?"

"ምን ላድርግሽ እህቴ፣ እኔ ራሴ አራት መቶ ብር ባገኝ ብዙ ነገር አልረሳም ነበር።"

ሃዋኒ አልሳቀችም። ነገሩ ገንዘቡም አልነበረም። ግራጫዋ ስምንት ቁልፍ አላት፣ ቀይዋ አራት። ሃዋኒ ቁልፍ ቆጠረች እንጂ የተነገራትን አልሰማችም። የጎጆው ሚኒባስ ረዳት ከውጭ "ሁለት ሰው፣ ሁለት ሰው" እያለ ይጮኻል።

"ቀይዋን። የኦሮምኛ መዝሙር ሙይልኝ።"

"የማንን የማንን?"

"የተገኘውን።"

"ምረጪ እንጂ። አንዳንዱ ለቅሶ ነው፣ አንዳንዱ ጭብጨባ ነው። እናትሽ የቱን ትወዳለች?"

ሃዋኒ አታውቅም። እናቷ ሠላሳ ዓመት በቤተ ክርስቲያን መዘምራን ውስጥ ቆመው ዘምረዋል፤ የቱን እንደሚወዱ ግን ጠይቃቸው አታውቅም። "እስኪሞላ ጫኝበት አልኩሽ። መኪና ሊያመልጠኝ ነው።"

"የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" አለች ሚስጥር፣ ሜሞሪውን ኮምፒውተሩ ላይ እየሰካች።

"አፍሼ እለቅማለሁ። አንቺ ብቻ ቶሎ በይ።"

ሚኒባሱ ውስጥ ቁጭ ብላ፣ ከመድኃኒት ቤት የገዛችውን ፕላስተር በጥርሷ እየቆረጠች፣ ከማብሪያው በስተቀር ያሉትን ቁልፎች ሸፈነቻቸው። እናቷ በስሕተት ነክተው እንዳይደናገሩ ነው። በዚህ ብልሃቷ እስከ ጎጆ ድረስ ስትኮራ ሄደች። ቤት ስትደርስም ማጫወቻዋን እጃቸው ላይ አኑራ "አንቺን አስቤ ነው ያስጫንኩት" አለቻቸው። ሰው ስጦታ ሲሰጥ የሚለው ነገር ነው፤ ምንም ማለት አልነበረም።

በሩ ተገፋ። ወንድሟ ኢፋ ቦቲውን ደጃፉ ላይ እያራገፈ ገባ። ከማሳ ነው የመጣው፤ ጥፍሮቹ በድንች አፈር ጠቁረዋል።

"መጣሽ? እንግዲያው መንገዱ ተከፍቷል ማለት ነው።"

"ትናንት ተከፈተ። ኢፋ፣ ለምን አላመጣሃትም?"

"ሰላምታውስ?"

"ለምን አላመጣሃትም?"

ኢፋ ባርኔጣውን አውልቆ ምሰሶው ላይ ሰቀለ። "በትከሻዬ ላምጣት? መኪና ተነጋግሬ፣ ከተራራው ማዶ የአክስቴን ልጅ 'አብረኸን ታድራለህ' ብዬ ለምኜ፣ ሁሉን አዘጋጅቼ ነበር። ሰኞ ማታ 'አልሄድም፣ ሃዋኒ ተይው ብላኛለች' አለችኝ። መቼ አለችሽ ብላት 'ብላኛለች' ብቻ። ስልክ አይሠራ። እዚህ ቤት የተማርሽው አንቺ ነሽ፤ አንቺ ተይው ካልሽ እኔ ድንች ቆፋሪው ምን ልበል?"

"እኔ እንዲህ ብዬ…" ብላ ጀመረች ሃዋኒ።

አዴ ወርቅቱ አንገታቸውን ቀና አድርገው ያዳምጣሉ። እጃቸው ብርድ ልብሱ ላይ ቆሟል። ሃዋኒ አየቻቸውና ዓረፍተ ነገሩን ሳትጨርስ ዋጠችው።

"ተነሺ ሃርሜ" አለች ብድግ ብላ። "ልብስሽ የት ነው? ዛሬውኑ ይዤሽ እሄዳለሁ። ሰኞ ጠዋት ሐኪሙ በር ላይ ቁጭ ብዬ እለምነዋለሁ። ካልሆነ አዲስ አበባ እንሄዳለን። እበደራለሁ። ተነሺ።"

"ለየትኛው ዓይን?" አሉ አዴ ወርቅቱ።

ውጭ በግ ይጮኻል።

"ለየትኛው ዓይን ማለት?" አለ ኢፋ።

"ከትናንት ወዲያ ሐሙስ ማታ መብራት የጠፋ መስሎኝ ነበር። ሚስትህ ሶረቲ ልጆቹን እያስተኛች ነው፣ ለሻማ ብዬ አላስነሣትም አልኩና ተኛሁ። ከዚያ ዶሮው ጮኸ። ከብቶቹ ወጡ። አንተ ከሶረቲ ጋር ስለ ማዳበሪያው ስትጨቃጨቅ ሰማሁ። ነግቶ ኖሯል። መብራቱ ግን አልመጣም።" የብርድ ልብሱን ጠርዝ አጣጠፉ። "አልተናገርኩም። ሰው ሲያለቅስብኝ አልወድም፤ ታውቁኛላችሁ።"

ኢፋ ባርኔጣውን ከምሰሶው ላይ አንሥቶ፣ ሳያደርገው፣ በእጁ እንደያዘ ወጣ። ጓሮ ውስጥ አንድ ነገር በእግሩ ሲመታ፣ ባልዲ ይሁን ጣሳ፣ ሲንከባለል ተሰማ።

ሃዋኒ አልጋው ላይ ተመልሳ ተቀመጠች። ማክሰኞ ቢሄዱ ኖሮ ሐሙስ አይመጣም ነበር። ማክሰኞ ያልሄዱት አንዲት ዘማሪ ያየሁት ይበቃኛል ስላለች ነው። ዘማሪዋ በየቀኑ የመጣችው ቀይዋ ማጫወቻ የምትረሳ ስለሆነች ነው። የምትረሳዋን የመረጠችው፣ ሌላውን ቁልፍ የሸፈነችው፣ ቆጥቢ ያለችው እሷ ናት። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ ዩኒቨርሲቲ መግባትም አያስፈልገውም።

"አታልቅሺ" አሉ አዴ ወርቅቱ።

"አላለቀስኩም።"

"እንግዲያው ጥሩ።" እጃቸው ብርድ ልብሱን እየዳሰሰ መጥቶ ጉልበቷን አገኘ። "አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። ሌሊት ሌሊት ሳስበው ነበር። ኢፋ እንዲህ ሲጠይቅሽ ዝም ስትዪ ደግሞ ልቤ ፈራ። መዝሙሯን የመረጥሻት አንቺ ነሽ፣ አይደል?"

ሃዋኒ ማጫወቻዋን አየቻት። አይደለሁም ብትል፣ የእናቷ ዓይን የጠፋው በረባ ምክንያት አይደለም፤ በአራት ቁልፍና በሚኒባስ ጥድፊያ ነው። ነኝ ብትል፣ እናቷን ጨለማ ውስጥ ቁጭ በይ ያለች ልጅ ናት፤ ከዛሬ ጀምሮ፣ እስከ መጨረሻው። ከሁለቱ የትኛውን ይዘው ማደር እንደሚችሉ ለማወቅ ፊታቸውን ማየት በቂ ነበር።

"እኔ ነኝ" አለች።

"ከብዙ መሐል?"

"ከብዙ መሐል።"

አዴ ወርቅቱ ትንፋሻቸውን በረጅሙ ለቀቁ። "ጥሩ መርጠሻል፣ ልጄ።"

ሃዋኒ የፈለቀቀችውን የፕላስተር ጥግ መልሳ አስተኛችው። በአውራ ጣቷ ጫነችው፤ አልያዘ አለ። ቦርሳዋን ከፍታ የቀረውን ፕላስተር አወጣች፤ በጥርሷ ቆረጠችና በላዩ ላይ ደግማ ለጠፈችበት። ጠርዙን በጥፍሯ ዙሪያውን እየዞረች አጠበቀችው። ከዚያ ማጫወቻዋን እናቷ መዳፍ ላይ አኑራ ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ አጠፈችላቸው።

"ሲያልቅ ወዲያው አጥፊያት። ቻርጅ እንዳይጨርስ። ሌላውን ቁልፍ አትንኪ።"

"ምኑን እነካለሁ? ቅድም ያለ ሰዓቷ አስለፈለፍሻት፣ በወጉ ሳልሰማት። ሳትሄጂ አንዴ ላብራት?"

"አብሪያት።"

ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አድርጋ በሩ ጋ ሄደች፤ የቆርቆሮውን መዝጊያ ይዛ ቆመች። ኦርጋኑ ጀመረ። ሴትዮዋ ሻካራ ድምፅዋን አወጣች። አዴ ወርቅቱ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ፣ ድምፅ ሳያወጡ፣ አብረዋት ይዘምራሉ። ሃዋኒ የመዝሙሩን አምስት ደቂቃ ሙሉ ከመቃኑ አልተንቀሳቀሰችም። የመጨረሻው ቃል አለቀ። ኦርጋኑ ቀጠነና ጠፋ። ከዚያ በኋላ ያለውን ጸጥታ፣ ሁለተኛው መዝሙር ከመጀመሩ በፊት ያለችውን ያቺን አጭር ጸጥታ፣ ትንፋሿን ይዛ ጠበቀች።

ቀጭ አለ።

ሃዋኒ ወጣች፤ በሩን ዘጋችው።