ብርድ የሚያውቅ አባት

ስለ ብርድ ሙሐመድሁሴንን የሚያስተምረው ሰው አልነበረም። ሮተርዳም ወደብ አጠገብ ባለ የዓሣ መጋዘን ውስጥ፣ ከዜሮ በታች ሃያ አራት ዲግሪ ላይ የዕቃ ማንሻ መኪና፣ ፎርክሊፍት፣ ሲነዳ አሥራ አንድ ዓመት ሞልቶታል። እንደ ፈረንጆቹ በ2013 የጸደይ መግቢያ፣ ዓርብ ከጁምዓ መልስ ምሳ ቀርቦ ሳለ ልጁ ፋሪዳ፣ «አባ፣ ግሪንላንድ ልሄድ ነው» ስትለው የጎረሰውን ለመዋጥ ጊዜ ወሰደበት።

«ለስንት ቀን?»

«ለሁለት ወር። በረዶ ልንለካ።»

ፋሪዳ አምስተርዳም ዩኒቨርሲቲ ነው የምትማረው። ላፕቶፗን ከፍታ ከሳተላይት የተነሱ ሁለት ፎቶዎች አሳየችው። በአምናው መጋቢት በተነሳው ላይ ሰፊዋ ደሴት ከዳር እስከ ዳር ነጭ ለብሳለች። በአምናው ሐምሌ ግን ዳር ዳሩ ተገፎ አለቱ ወጥቷል፤ ከፍ ያለውም ቦታ ግራጫ ሆኗል።

«አየህ? ነጭ በረዶ ፀሐይዋን ወደ ሰማይ ይመልሳታል። ሲጠቁር ግን ሙቀቱን ይውጠዋል፤ ያኔ ብሶበት ይቀልጣል። ሳተላይቱ መልኩን እንጂ ጥልቀቱን በደንብ አይነግረንም። ሄዶ መቆፈር ያስፈልጋል።»

«የሚቆፍር ሰው ጠፋ?»

«እኔ አለሁ።»

«ፀሐይ በማትጠልቅበት አገር መግሪብ መቼ ልትሰግጂ ነው?»

«መስጊድ ጠይቄያለሁ። ፀሐይ የምትጠልቅበትን የቅርብ ከተማ ሰዓት ተከተይ ብለውኛል። ሌላ ሰበብ ፈልግ።»

አፏ እንዲህ ነው። ሄግ ከተማ፣ ትራንስቫል ሰፈር ተወልዳ ያደገች ልጅ ናት። አባቷን አንተ ትላለች፤ ሰው ቤት ሄዳ ከጠገበች ጠገብኩ ብላ ሳህኑን ትመልሳለች። ሙሐመድሁሴን «ይሉኝታ የሚባል አልፈጠረባትም» እያለ ሲያማርር ነው የኖረው።

ሃያ አንድ ዓመቷ ነውና በሕግ የእሱ ፈቃድ አያስፈልጋትም። እሷ ግን፣ «ሳትመርቀኝ አልሄድም። ለፕሮፌሰሩ ሰኞ መልስ መስጠት አለብኝ» ብላ ነገሩን እሱ ጫንቃ ላይ ጣለችው።

እሱን ያስፈራው የግሪንላንድ ነጭ ድብ አልነበረም። መጋዘኑ በገባ በመጀመሪያው ወር ጓንቱ ረጠበበት። ማሞቂያው ክፍል ሃያ እርምጃ ቢርቅ ነው፤ ሆላንዶቹም ሲበርዳቸው በረደን ብለው ይወጣሉ። እሱ ግን ሰነፍ እንዳይሉት ጥርሱን ነክሶ ሥራውን ጨረሰ። ከዚያን ቀን ወዲህ የቀኝ እጁ ሁለት ጣቶች ጫፋቸው አይሰማውም። ይህን ለሚስቱ እንኳ አልተናገረም። ፋሪዳ ደግሞ፣ ምንም ብትናገር፣ የእሱ ልጅ ናት፤ ብርድ ሲይዛት እንደ እሱ ዝም ብትልስ?

በማግስቱ ቅዳሜ መጋዘኑን የሠራተኛ ቤተሰብ የሚጎበኝበት ቀን ነበረና ይዟት ሄደ። ወፍራም ካፖርት አለበሳት። ጓንት ሲሰጣት ግን ሆን ብሎ ስሱን መረጠ።

በር ላይ የሥራ ባልደረባው አስራት አገኛቸው።

«ሙሔ፣ ልጅቷን ከዓሣው ጋር ልታሽጋት ነው?»

«ግሪንላንድ ካልሄድኩ እያለች ነው።»

«ምን አደከማት! ግሪንላንድ ይኸው፣ በባቡር ግማሽ ሰዓት!»

ፋሪዳ እየሳቀች ገባች። ቧንቧው ላይ የተጋገረውን ውርጭ ትፍቅ ጀመር፤ አዲሱ ዱቄት ነው፣ አሮጌው ጠጥሮ መስታወት መስሏል። አለቃው ለሃያ ጎብኚዎች ስለ መጋዘኑ ታሪክ ያወራል። አምስት ደቂቃ አለፈ። ስምንት። ሙሐመድሁሴን የሚያየው የልጁን ፊት ብቻ ነበር። ከንፈሯ ነጣ። መፋቁን ትታ እጇን ብብቷ ሥር ከተተች፤ ዝም አለች። «ያው እንደ እኔ» አለ በልቡ፤ እምቢ የሚልበትንም ቃል መፈለግ ጀመረ።

«ይቅርታ» አለች ፋሪዳ ጮክ ብላ በሆላንድኛ፣ አለቃው ንግግሩን ሳይጨርስ። «ጓንቴ ስስ ነው፤ ጣቴ እየደነዘዘ ነው። እኔ እወጣለሁ።»

ሰው ሁሉ ዞሮ አያት። ቅንጣት አላፈረችም።

ማሞቂያው ክፍል ውስጥ ሁለቱ ብቻቸውን ተቀመጡ። ሙሐመድሁሴን ስለ ጓንቱ እውነቱን ነገራት።

«እብድ ነህ እንዴ አባ?» ብላ ጮኸች።

ቀኝ እጁን ዘርግቶ የሁለቱን ጣቶች ነገር ተረከላት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ። ፋሪዳ ቁጣዋን ረስታ የጣቶቹን ጫፍ ጫን ጫን አደረገች።

«ይሰማሃል?»

«አይሰማኝም።»

«ለምን አልወጣህም ታዲያ?»

«ምን ይሉኛል ብዬ።»

«እነማን?»

ያኔ አብረውት የነበሩትን ሰዎች ስም ለማስታወስ ሞከረ። አንዱም አልመጣለትም። ራሱን ነቀነቀ፤ ከዚያ ሁለት መዳፉን ከፍቶ ወደ ላይ ዘረጋ።

«ከብርዱም ከዝምታውም አላህ ይጠብቅሽ። በሰላም ሄደሽ በሰላም ግቢ።»

«አሚን» አለች ፋሪዳ።

«ሰኞን ምን ያስጠብቅሻል? ለፕሮፌሰሩ አሁን ጻፊለት።»

ስልኳን አወጣች። ጣቷ ሞቆ እስኪታዘዝላት ግን ትንሽ መጠበቅ ነበረባቸው።