ሳሙና የያዘችው እናቴ

እናቴ ግድግዳ ላይ ነበረች። እንዲህ ስል የሚስቅ ካለ ይሳቅ። እኔ ከሃያ ዓመት በላይ ጠዋት ተነሥቼ "እንዴት አደርሽ" የምላት ከአልጋዬ ትይዩ ተለጥፋ ነው። በቀኝ እጇ ሳሙና ይዛለች፣ ግራ እጇን አገጯ ሥር አድርጋለች፣ ጸጉሯ ወደ ጎን ተከፍሎ ግንባሯ ላይ ጠምዘዝ ይላል። ስትስቅ የላይኛው ጥርሷ ብቻ ነው የሚታየው። ከጎኗ በትልልቅ ፊደል "ገላን የሚያለሰልስ፣ መዓዛው የማይጠፋ" ተብሎ ተጽፏል። ከወገቧ በታች ደግሞ ጠበብ ያለች የጫማ ማስታወቂያ ቁራጭ ተለጥፋባታለች። ቀዳዳ ቢደፍኑባት ነው ብዬ ከቁም ነገር ቆጥሬያት አላውቅም።

ቤታችን ጅማ ነው፣ ከሂርማታ ገበያ ዝቅ ብሎ። አባቴ ጎሳዬ በጉልበቱ ደህና ሳለ የአንድ ግሪክ ነጋዴ ቡና ማከማቻ ውስጥ ጆንያ ይሸከም ነበር። ሰውዬው አንብቦ የጣላቸውን መጽሔቶች፣ የአማርኛውንም የፈረንጁንም፣ አባቴ እየሰበሰበ ያመጣና በዱቄት ሙጫ ጭቃው ላይ ይለጥፋቸዋል። በሰፈራችን ግድግዳውን ወረቀት ያላለበሰ አልነበረም። የሌላው ሰው ግን ጋዜጣ ነው፣ ከላይ እስከ ታች ጽሑፍ ብቻ። አባቴ ማንበብ ስለማይችል የሚመርጠው በሥዕሉ ነበርና የእኛ ቤት ማስታወቂያ በማስታወቂያ ሆነ።

ምን አለፋችሁ፣ ግድግዳው ራሱ ሰፈር ነበር። ጸጉሩን በቅባት ያስተኛ ባለ ቀጭን ሪዝ ሰውዬ አለ። ሻንጣ የሚያህል ሬዲዮ ከበው የተቀመጡ ባልና ሚስት ከነልጆቻቸው አሉ። በሩ ተከፍቶ አንድ ሙሉ ዶሮ የሚታይበት ፍሪጅ አለ፣ እንደዚያ ያለ ወፍራም ዶሮ እስከ ዛሬ አላየሁም። ብስክሌት ላይ ቀሚሷን ነፋስ የገለበባት ኮረዳ አለች። አውሮፕላን ደረጃ ላይ ቆማ እጇን የምታውለበልብ አስተናጋጅም አለች። አባቴ ለሁሉም ስምና ጠባይ አውጥቶላቸዋል። ባለ ሪዙ ሦስት እጮኛ ያለው ቀጣፊ ነው። የሬዲዮው አባወራ ጎረቤት እንዳይሰማበት ድምፁን ቀንሶ የሚያዳምጥ ቋጣሪ ነው። አስተናጋጇ ሁልጊዜ "መጣሁ" እያለች የምትቀር ናት።

ቆርቆሯችን አንዲት የሚስማር ቀዳዳ ነበረችው። ዝናብ በሌለበት ቀን፣ ጅማ ላይ ያ ቀን ስንት ነው ብትሉኝ መልስ የለኝም፣ ከሰዓት በኋላ በዚያች ቀዳዳ ሳንቲም የምታክል ብርሃን ትገባለች። ከባለ ሪዙ ግንባር ትነሣና ብስክሌቷን፣ ፍሪጁን፣ ሬዲዮውን አልፋ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ እናቴ ጉንጭ ላይ ትደርሳለች። ልጅ ሆኜ ተጋድሜ እጠብቃት ነበር። ስትደርስ ዓይኔን ግማሽ እጨፍናለሁ፤ ያኔ እናቴ ትንቀሳቀሳለች። ሳሙናውን ታስቀምጥና ጸጉሬን ትዳብሰኛለች። እንቅልፍ ይሁን ቅዠት አላውቅም፤ የሳሙናው ሽታ ግን ይመጣልኝ ነበር፣ እኔ ልሙት።

እናቴ መንበረ የሞተችው አሰንዳቦ፣ እኔ የሁለት ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው። አባቴ እዚያው ቀብሯት፣ እኔን ታቅፎ በቡና መኪና ላይ ወደ ጅማ መጣ። እዚህ እሷን የሚያውቅ አንድም ሰው የለም። በቡና ወቅት የመጣ ፎቶ አንሺ አሰንዳቦ ገበያ ላይ አይቷት "እስኪ ትንሽ ሳቂ" ብሎ እንዳነሣት፣ ኋላም የሳሙና ፋብሪካው ከስንቱ መሐል እሷን እንደመረጣት የነገረኝ አባቴ ነው። ሳሙናውን ግን ብዙም አልወደደችውም ነበር ብሎ ይጨምርልኛል። ያቺ ጭማሪ ናት እምነቴን ያጸናችው። ጸጉሬን እንደ እሷ ወደ ጎን ከፈልኩ፣ የላይኛው ጥርሴ ብቻ እንዲታይ አድርጌ መሳቅ በመስታወት ተለማመድኩ። ጎረቤት "ቁርጥ እናትሽን" ሲለኝ ያን ቀን እህል አያሰኘኝም ነበር።

የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በታወጀ በማግስቱ ዓመት፣ በሰባ ሁለት፣ እኔም ስምንተኛ ክፍል ጨርሼ ስለነበር አስተማሪ ሆኜ ተመደብኩ። የቀበሌው ማስተማሪያ ጣቢያ ሞልቶ ቦታ ጠፋ ሲባል ሳሎናችንን ሰጠሁ። አልጋዎቹን ወደ ጓዳ አስገብተን አሥራ ሁለት ተማሪ አግዳሚ ላይ ደረደርኩ። መጽሐፉ ለሁሉም አልደረሰም፤ ታዲያ ግድግዳዬ ምን ሊሠራ ነው? ዱላ ያዝኩና "ሳ"ን ከሳሙና፣ "ሬ"ን ከሬዲዮ፣ "ብ"ን ከብስክሌት አስተማርኩ። በመጀመሪያው ቀን እናቴንም አስተዋወቅኳቸው። አሥራ ሁለቱም ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው እጅ ነሷት፤ ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ።

ከሁሉም የምወዳቸው እማማ ሐጂራን ነበር። ሂርማታ በርበሬ የሚሸጡ፣ ስልሳን ያለፉ ሴት ናቸው። አንዲት ፊደል ለመጥራት "ቢስሚላሂ" ይላሉ፣ በኦሮምኛ ራሳቸውን ይገሥጻሉ፣ ከዚያ በአማርኛ ይስታሉ። ስድስት ወር ሙሉ አንድም ቃል ብቻቸውን አንብበው አያውቁም፤ አንድም ቀን ግን አልቀሩም።

የሚያቃጥለኝ የራሴው አባት ነበር። የመምህርቷ አባት በጣት የሚፈርም! ለምኜዋለሁ፣ ተቆጥቼዋለሁ፣ አንድ ሳምንት አኩርፌዋለሁ። ዓይኔ ደክሟል ይለኛል፤ ምስር ውስጥ ያለች ጠጠር ከእኔ ቀድሞ የሚያይ ሰው። ክፍሉ ሲጀመር በርጩማውን አንሥቶ ውጭ ከጣሪያው ጠርዝ ሥር ይቀመጣል። ትምህርቱን በጀርባው ይሰማል፣ ዞር ብሎ ግን አያይም።

አንድ ዓርብ የትምህርት ኮሚቴው ጓድ ፈይሳ መጣ። ሰኞ ከላይ ጎብኚዎች ይመጣሉ አለ። ግድግዳው የከበርቴ ሸቀጥ ማስታወቂያ ስለሆነ በአዲስ ጋዜጣና በዘመቻው ሥዕል መሸፈን አለበት። ፈይሳ ክፉ ሰው አልነበረም፣ ባለ ሪዙን እያየ ለብቻው ሲስቅ ሁለት ጊዜ ይዤዋለሁ። ቢሆንም ትእዛዝ ነው። ተከራከርኩት፣ ጮህኩበት፣ በመጨረሻ እናቴን አስቀድሜ ላላቅቃት ተስማማን። በዱቄት ሙጫ የተለጠፈ የሃያ ምናምን ዓመት ወረቀት ሳይቀደድ እንደማይላቀቅ እኔም እሱም እናውቃለን። ከእናቴ ያለኝ ያ አንድ ወረቀት ነው፤ ቢቀደድ ሌላ የለኝም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ተማሪዎቼ በተቀመጡበት ለብ ያለ ውኃና ጨርቅ ይዤ ጀመርኩ። ትንፋሼን ይዤ ከታች ማራስ ያዝኩ። መጀመሪያ ላላ ያለችው ያቺ የጫማ ቁራጭ ናት፤ ሳትቀደድ እጄ ላይ መጣች። ከሥሯ ንጹሕ ወረቀት ወጣ፣ ብርሃን ነክቶት የማያውቅ። ደቃቅ ጽሑፍ ነበረበት። እኔ ቁራጯን የማስቀምጥበት ስፈልግ ዞር እንዳልኩ እማማ ሐጂራ ተነሥተው ግድግዳው ድረስ ቀረቡ። አዲስ ፊደል ማየታቸው ነው፣ ማንም ያላስጠናቸው።

"ቢስሚላሂ" አሉና ጣታቸውን አስቀመጡ። "ወይ... ዘሪት። ወይዘሪት። ለ... ተ... ብር... ሃን። ለተብርሃን። ከ... አሥ... መራ። ወይዘሪት ለተብርሃን ከአሥመራ!"

ክፍሉ በጭብጨባ ተናወጠ። ስድስት ወር ሙሉ የጠበቅነው ቀን ነዋ! እማማ ሐጂራ ፊታቸው በርቶ ወደ እኔ ዞሩ። ፊቴን አዩ፣ መልሰው ሥዕሉን አዩ፣ ያነበቡትም ያኔ ገባቸው። ጭብጨባው አንድ በአንድ ቆመ። ከስሟ ቀጥሎ ያለውን ቁጥር እኔው አነበብኩት። ፲፱፻፵፯ ይላል። በዚያ ዓመት እናቴ ከሞተች ሁለት ዓመት አልፏት ነበር።

ተማሪዎቹን አሰናበትኩ። አባቴ ውጭ በርጩማው ላይ እንደነበረ ነው፤ ጆሮው እንደ ዓይኑ ደህና ነው። ይቺ ሴት ማን ናት አልኩት። ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ። ለአባት የማይባል ነገር ከአፌ ወጣ።

"እናቴን ሁለቴ ቀበርካት" አልኩት። "ገብቼ ቀድጄ እጥላታለሁ።"

እንዲያ ስለው ተነሥቶ በሩ ላይ ቆመ። ሊከለክለኝ መስሎኝ ነበር፤ ለካ መናገር ፈልጎ ነው። መቃኑን ተደግፎ ነገረኝ።

"አራት ዓመትሽ ነበር። የጎረቤት ልጆች እናታቸው ስትጠራቸው ሮጠው ሲገቡ አይተሽ መጣሽና 'የኔዋ ምን ትመስላለች?' አልሽኝ። ልነግርሽ ፈልጌ አፌ ተሳሰረ። ጠይም ናት፣ ረዘም ትላለች፣ ከዚያ ወዲያ ምን ይባላል? ቀና ስል ይቺ ትስቃለች። 'ያቻትልሽ' አልኩሽ። ለዚያች ቀን ብቻ ነበር፣ ወላዲት ምስክሬ ናት። በማግስቱ ስትነሺ ሰላም አልሻት።"

የጫማውን ቁራጭ ማን ለጠፈው ብዬ ጠየቅኩ፣ መልሱን እያወቅኩ።

"ትምህርት ቤት ገብተሽ ግድግዳውን በጣትሽ መቁጠር ስትጀምሪ ፈራሁ። የሚለውን አላውቀውም። ግን ፊደል ነው፣ ፊደል ይናገራል። ትምህርት ቤት ሳለሽ ለጠፍኩበት።"

"ያልተማርከውስ ለዚህ ነው?"

"እኔም እኮ ሌላ የለኝም፣ ውብዬ። የመንበረን ፊት ረስቼዋለሁ። አንድ ቀን አይደለም፣ ቀስ እያለ ነው የጠፋብኝ። አሁን በህልሜ የምትመጣው ይቺ ናት። በመንበረ ድምፅ ትጠራኛለች፣ የመንበረን ቀሚስ ለብሳለች፣ ፊቷ ግን የዚች ነው። ጽሑፉን ካነበብኩ መምጣቷን ብትተውብኝስ?"

አሳዘነኝ። ንዴቴም ግን አልወጣልኝም፤ ሁለቱም አብረው ሆዴ ውስጥ አደሩ።

እሑድ ጠዋት ማንም ሳይነሣ በሩ ተንኳኳ። እማማ ሐጂራ ናቸው። አልገባም አሉ። የሻርፓቸውን ጫፍ ፈትተው አንድ እፍኝ ፉርኖ ዱቄት እጄ ላይ አፈሰሱልኝ፣ ለሙጫ።

"ኢንተላ ኮ" አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፣ "ትናንት ያነበብኩትን ተሳስቼ ይሆናል። ገና ተማሪ ነኝ።"

ይህን ብለው ሄዱ። ስድስት ወር የደከሙባትን የመጀመሪያ ንባባቸውን እኔ እጅ ላይ ትተዋት መሄዳቸው ነው። በሩ ላይ ቆሜ ዱቄቱን እንደያዝኩ አለቀስኩ።

ገብቼ ቀስ ብዬ ሥዕሉን አራስኩት። ሦስት ሰዓት ፈጀብኝ። ሬዲዮውም ባለ ሪዙም ለሰኞው ጋዜጣ ቀሩ፣ እሷ ግን ሙሉ ለሙሉ ወጣች፣ ጥግ ላይ ትንሽ ተቀደደች እንጂ። ጓዳ ወስጄ ከአባቴ አልጋ ትይዩ ለጠፍኳት። አባቴ ተጋድሞ ያየኝ ነበር። የጫማውን ቁራጭ ሙጫ ቀብቼ ላነሣ ስል፣ በሕይወቱ ጠይቆኝ የማያውቀውን ጠየቀኝ።

"ምን ይላል፣ ውብዬ? ጽሑፉ?"

ትናንት ሲነበብ ሰምቷል። መስማቱን አውቃለሁ፣ ማወቄንም ያውቃል። ጎንበስ አልኩና ደቃቁ ጽሑፍ ላይ ጣቴን አስቀመጥኩ፤ እንደማስተምረው፣ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ፊደል በፊደል።

"መን... በረ" አልኩ። "መንበረ። ከአሰንዳቦ።"

አባቴ ከትራሱ ቀና ብሎ ሥዕሉን አየ።

"አላልኩሽም?" አለኝ።

የጫማውን ቁራጭ መልሼ ለጠፍኩበት፣ እስኪደርቅም በመዳፌ ደግፌ ያዝኩት።