የጋዝባን ወረቀት

ሚስተር ሃሌት ጓንቱን አውልቆ አመልካች ጣቱን በሦስተኛው እቶን የግፊት መለኪያ መስታወት ላይ አሻሸና ወደ ዓይኑ አስጠግቶ አየው። ጣቱ ንጹሕ ነበር። ወደሚቀጥለው መለኪያ ተሻገረ፤ እሱንም አሻሸው። ቀጥሎ ጎንበስ ብሎ ከቱቦዎቹ ሥር፣ ሰው የማያጸዳውን ቦታ መርጦ ነካ። ከዚያም ቢሆን አንዳች ጥቀርሻ አልወጣም።

ቦርዙ ሁለት እርምጃ ከኋላው ሆኖ እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ ይመለከታል። ይህ ሰው አንድ ነገር እንዲል ጠበቀ። ሃሌት ጓንቱን መልሶ አጠለቀና ከሃያ ዓመት በፊት በተማረው ስብርባሪ ፋርስኛ፣ «ደህና ይዛችሁታል» አለ። ቀጥሎ አብሮት ለመጣው ወጣት በራሱ ቋንቋ አንድ ነገር ነገረውና ሁለቱም ሳቁ። ቦርዙ እንግሊዝኛ የሚሰማው ብረት ብረቱን ብቻ ነው፤ የመሣሪያ ስም፣ የትእዛዝ ቃል። ሳቁን ግን ያለ አስተርጓሚ ተረዳው።

ከባክቲያሪ ተራሮች ወርዶ የነዳጅ ማጣሪያ ከተማዋ አባዳን ሲገባ አሥራ ስድስት ዓመቱ ነበር። ጡብ ተሸክሟል፣ ቱቦ ፍቋል፣ እሳት ጠብቋል። ዛሬ በአርባ ስድስት ዓመቱ የእቶኖቹ ካቦ ነው፤ ከወደቡ ሠራተኛ እስከ ዓሣ ሻጩ ድረስ «ኡስታ» ብሎ ይጠራዋል፤ የሙያው ጌታ ለማለት ነው። ከሦስት ዓመት በፊት መንግሥት ነዳጁ የአገሬው ነው ብሎ ባወጀ ጊዜ የእንግሊዙ ኩባንያ ሰዎች እነ ሃሌት ሻንጣቸውን ሸክፈው ወንዙ ላይ ቆሞ ይጠብቃቸው በነበረው የጦር መርከብ ሄዱ። ሃሌት ያን ዕለት በሩ ላይ ለቦርዙ፣ ወር ሳይሞላችሁ ታቃጥሉታላችሁ ብሎት ነበር። አላቃጠሉትም። ባሕሩ በመርከብ ተዘግቶ የሚገዛቸው ቢጠፋ፣ መለዋወጫ የሚልክላቸው ቢጠፋ፣ ያረጀውን ቆርጠው ባረጀው ላይ እየበየዱ ቢያንስ የአገሩ ፋኖስ እንዳይጠፋ እቶኖቹን በተራ አነደዱ።

ከዚያ ያለፈው ዓመት ነሐሴ መጣ። ሻይ ቤት ተቀምጠው ሳለ የቴህራን ሬድዮ በመሐል ጸጥ አለ፤ ተመልሶ ሲናገር ድምፁ የወታደር ነበር። ታንኮች ነዳጁን ለአገሬው ያስመለሰውን ጠቅላይ ሚኒስትር ቤት እንደደበደቡ፣ የውጭ አገር ገንዘብ በየገበያው እንደተረጨ፣ ጠዋት «ይኑር» ሲል የነበረው አፍ ከሰዓት በኋላ «ይውደም» እንዳለ ተወራ። አባዳንም በወታደር ተሞላች። ቦርዙ በሠራተኛው ኮሚቴ ውስጥ ነበርክ ተብሎ አርባ ቀን በጦር ሰፈሩ ታሰረ። አሁን ደግሞ አዲስ ውል ተፈርሟል፤ የብዙ አገር ኩባንያዎች ነዳጁን ተከፋፍለውታል። ሃሌትም በዚያው ባርኔጣው ተመልሷል።

ጉብኝቱ ሲያበቃ ቦርዙ ወደ ቢሮ ተጠራ። ከቴህራን የተላከው ሹም ሙአየድ፣ ጥቅምት ገብቶ እንኳ አልለቅ ባለው ወበቅ አንገቱን በመሐረብ እየጠራረገ አንድ ወረቀት ገፋ አደረገለት። ቦርዙ ቀስ ብሎ አነበበው። የሦስተኛው እቶን አደጋ ሪፖርት ነው። ባለፈው ዓመት በብርዱ ወራት ቱቦው የፈነዳው የፈረቃው ሠራተኛ ጋዝባን በፈጸመው ስሕተት እንደሆነ፣ ይህም የአገሬው ሠራተኛ ያለ ውጭ ባለሙያ እቶን ለመምራት አለመቻሉን እንደሚያሳይ ይላል። ግርጌው ላይ የቦርዙ ስም ተጽፎ የፊርማው ቦታ ክፍት ተትቷል።

ያን ጠዋት ቦርዙ እዚያው ነበር። ቱቦው እነ ሃሌት ራሳቸው ከመሄዳቸው በፊት ሳስቷል ይቀየር ብለው ቀይ ቀለም የቀቡት ነው፤ የሚቀየርበት ግን አልመጣም። ሲፈነዳ ሁሉም ሮጠ። ቦርዙም ሮጠ። ጋዝባን ብቻ ከመንገድ ተመልሶ በነበልባሉ መሐል ገብቶ የነዳጁን መዝጊያ በእጁ አዙሮ ዘጋው። በሦስተኛው ቀን ሞተ።

«ይሄ ውሸት ነው» አለ ቦርዙ።

«ሪፖርት ነው» አለ ሙአየድ። ድምፁ ውስጥ ቁጣ የለም። «ስማኝ ኡስታ፤ ጋዝባን ሞቷል፤ ከእንግዲህ ማንም ምንም አያደርገውም። አንተ ግን ቤተሰብ አለህ፣ ከጦር ሰፈሩ የወጣኸውም ትናንት ነው። እነዚህ ሰዎች ካቦነትህን ሊተዉልህ ፈቅደዋል። ፈርምና ነገ እሳትህን አንድድ።»

ቦርዙ እስከ ከሰዓቱ ጡሩምባ ጊዜ እንዲሰጠው ጠየቀ። ተሰጠው።

ወደ ቤቱ አልሄደም። እግሩ በሠራተኞች ሰፈር በአሕመድ አባድ ጠባብ መንገዶች አድርጎ ወደ ጋዝባን ቤት ወሰደው። ምን ሊል እንደሆነ አያውቅም። ፈቃድ ሊጠይቅ ይሁን ይቅርታ፣ ለራሱም አልለየለትም። ሳኒየ፣ የጋዝባን ሚስት፣ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ዓሣ ትሞልጫለች። ስታየው ፊቷ በራ።

«አላህ ነው የላከህ» አለችው። እጇን በቀሚሷ ጠራርጋ ወደ ውስጥ ገባችና ከሻይ ቆርቆሮ ውስጥ የታጠፈ ወረቀት ይዛ ወጣች። ባለፈው ሳምንት ከቢሮ የመጣ ሰው በጣት አሻራዋ አስፈርሟት አንዱን ቅጂ ትቶላት ሄዷል። የቤቱ ጉዳይ ነው ብሏታል፣ የጋዝባንም ስም አለበት ብሏታል። የሚያነብላት ሰው አላገኘችም፤ ሰፈር ውስጥ ማንበብ ለሚችሉት ሁሉ ደግሞ ጉዳይዋን ማሳየት አልፈለገችም።

ቦርዙ ወረቀቱን ተቀብሎ በዓይኑ አነበበ። አደጋው በባሏ ጥፋት መድረሱን ሳኒየ ታምናለች ይላል። በኩባንያውም ላይ ምንም የምትጠይቀው ነገር የለም። ከኩባንያው ቤት መጪው የብርድ ወራት ሲያልቅ ትለቃለች። ከሥሩ አውራ ጣቷ አለ፤ ሐምራዊ፣ ትንሽ፣ በጥንቃቄ የተጫነ።

«ምን ይላል?»

ጉሮሮውን ጠረገ። ወረቀቱን ከፊቱ ትንሽ አራቀው።

«በሦስተኛው እቶን ላይ አደጋ በደረሰበት ዕለት» ብሎ ጀመረ፤ ድምፁ ቢሮ ውስጥ እንደሚነበብ ሆነ፤ «ቱቦው አርጅቶ ፈነዳ። ሰው ሁሉ ሲሸሽ ጋዝባን ወደ ኋላ ተመልሶ ነዳጁን በገዛ እጁ ዘጋ። ማጣሪያው ዛሬ ቆሞ የሚታየው በእሱ ምክንያት ነው።»

ሳኒየ ጠጋ ብላ ወረቀቱን ተመለከተች። ከወንዙ በኩል የጀልባ ሞተር ይሰማል።

«ሰው ሁሉ ሲሸሽ ይላል?»

«ይላል።»

«አንተም?»

ቦርዙ ዓይኑን ከወረቀቱ አላነሣም። «ሁሉ ነው የሚለው።»

«እኔማ አውቅ ነበር» አለች ሳኒየ በቀስታ። «እነሱ ይጽፉታል ብዬ ነው ያላሰብኩት።» ቢላዋዋን አንሥታ መልሳ አስቀመጠችው። «እስቲ እሱን ድገምልኝ። በገዛ እጁ የሚለውን።»

ደገመላት። ስለ ቤቱ ስትጠይቀው ትቆያለሽ አላት፤ እስከ መቼ እንደሆነ ግን አላነበበላትም። ዓሣ ይዘህ ካልሄድክ ብላ ለመነችው፤ እምቢ ብሎ ተነሣ።

ቢሮው ሲመለስ ሻፑር፣ የሁለተኛው ፈረቃ ካቦ፣ ኮሪደሩ ላይ ባለው አግዳሚ ወንበር ተቀምጧል። ቆቡን ጉልበቱ ላይ አድርጎ እሱኑ ያያል። ያን ጠዋት አብረው ነበር የሮጡት። ቦርዙ ሰላም አለው፤ ሻፑር ከንፈሩን ብቻ አንቀሳቀሰ።

ሙአየድ ብዕሩን አቀበለው። ቦርዙ ቁጭ ብሎ ጽሑፉን በአንድ ሰያፍ መስመር ሰረዘውና በኅዳጉ ላይ፣ ማታ ትምህርት ቤት በለመደው ክብ ክብ ፊደል፣ ለሳኒየ ያነበበላትን ቃል በቃል ጻፈ። ቀይ ቀለሙንም ጨመረበት፤ ማን እንደቀባው፣ መቼ እንደቀባው። ሰው ሁሉ ሲሸሽ ከሚለው ቀጥሎ «እኔም ጭምር» ብሎ ጻፈና ፈረመ።

ሙአየድ ከላይ እስከ ታች አነበበው። ቦርዙ ጩኸት ሲጠብቅ ሰውየው ወረቀቱን በአራት አጥፎ ወደ ቆሻሻ ቅርጫቱ ጣለውና መሳቢያውን ሳበ።

«የእጅ ጽሑፍህ ያምራል» አለው። «ደግነቱ አምስት ቅጂ አለኝ። የመግቢያ መታወቂያህን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጥና ስትወጣ ሻፑርን ጥራልኝ።»

መጥራት አላስፈለገውም፤ በሩ ሲከፈት ሻፑር ተነሥቶ ቆሞ ነበር። በደረጃው ላይ ሃሌት ከወጣቱ ጋር ሽቅብ ሲወጡ አገኙት። ሃሌት ትከሻውን መታ አደረገውና፣ «ነገ ሦስተኛውን እናነዳለን፤ በጊዜ ና» አለው። ቦርዙ ወደ ግድግዳው ተጠግቶ አሳለፋቸውና ወረደ።

ከፋብሪካው በር ሲወጣ ጡሩምባው ተነፋ፤ ሠላሳ ዓመት ቀኑን የቆረጠለት ድምፅ ነው። ዛሬ ለሌሎች ተነፋ። ሠራተኛው ብስክሌቱን እየገፋ በሁለቱም ጎኑ አለፈው። አንዳንዱ «ኡስታ» እያለ ሰላም ይለዋል፤ እሱም እጁን ያነሣል። ለሚስቱ ምን እንደሚላት እያሰበ፣ የሚላትን በልቡ እየጀመረና እየተወ አሕመድ አባድ ደረሰ።

ቦኖው ዙሪያ ሴቶች በሰልፍ ቆመዋል። ሳኒየ መሐላቸው ናት። ዛሬ ጠዋት ለማንም ማሳየት ያልፈለገችውን ወረቀት ዘርግታ በሁለት እጇ ይዛዋለች፤ ስትናገር ድምፇ ከውሃው መውረድ በላይ ይሰማል። ቦርዙ መንገድ ሊቀይር አሰበ። ግን አይታዋለች።

«ይኸው እሱ ራሱ መጣ!» አለች። «ኡስታ፣ እነዚህ አላመኑኝም። ኩባንያ እንዲህ ብሎ አይጽፍም ይሉኛል።»

«አይጽፍማ» አለች አንዷ ባልዲዋን እያስተካከለች። «እስኪ ቆዩ፣ ልጄ አሁን ከትምህርት ቤት ትመጣለች፤ እሷ ታንብበው።»

«ልጅሽ ምን በወጣት! ያነበበልኝ ሰው ይኸው ቆሟል።» ሳኒየ ወረቀቱን ዘረጋችለት። ጠርዙ በእርጥብ ጣቶቿ ረስርሷል። «ንገራቸው ወንድሜ። ከመጀመሪያው ጀምረህ አንብብላቸው።»

ቦርዙ ወረቀቱን ተቀበላት። ከመንገዱ ጫፍ ደብተር ያቀፉ ልጃገረዶች ብቅ ብለዋል። ከሴቶቹ አንዷ በደንብ እንዲሰማ ብላ እጇን ዘርግታ ቧንቧውን ዘጋችው።