እስከ ዓርብ ካነበበች

ሰኞ ጠዋት የሰልፉ መዝሙር አልቆ ልጆቹ ወደየክፍላቸው ሲጋፉ፣ አቶ ዳልጮ የትምህርት ቤቱን በር አልፎ መጣና መምህርት ጽጌረዳ ፊት ቆቡን አውልቆ ቆመ። ልጁን ምሥጋናን ከትምህርት ሊያስወጣት ነው የመጣው። ሁኔታው ግን ያዋሰውን ዶማ ሊቀበል የመጣ ጎረቤት ይመስላል፤ ድምፁ ለስላሳ፣ ፊቱ ፈገግ ያለ።

«ገረሴ ያለችው እህቴ ወልዳለች፣ ቲቸር። ገበያ ስትወጣ ሕፃኑን የሚይዝላት ሰው አጣች። ምሥጋና ትሂድላት ብለናል።»

«እንዴ፣ አቶ ዳልጮ! ገና ሁለተኛ ክፍል እኮ ናት!»

«እሱማ ናት። ግን ትናንት ከቸርች ስንመለስ መጽሐፍ ቅዱሱን ሰጥቻት ‹እስቲ አንብቢልኝ› አልኳት። አንዲት ፊደል አታውቅም። እኔም ስላልተማርኩ አልፈርድባትም። ግን ሁለት ዓመት ተቀምጣ ካልገባት፣ አክስቷን ብትረዳ አይሻልም?»

ጽጌረዳ ምን ትበል? ልጅቷ ጎበዝ ናት እንዳትል፣ ጎበዝ ትሁን ሰነፍ አታውቅም። ሰማንያ ልጅ በአንድ ክፍል ታጭቆ፣ ፊደል የለየውም ያልለየውም አንድ ላይ ይለፍ እየተባለ ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ ሲንጋጋ፣ ማን ማንን ያውቃል?

«እስከ ዓርብ ይስጡኝ» አለች ሳታስበው። «ዓርብ ይምጡና በገዛ ጆሮዎ ይስሟት። ካነበበች ግን ትቀራለች።»

«ካነበበችማ ምን እላለሁ?» አለ አቶ ዳልጮ። «ዓርብ የገረሴው መኪና ሳይነሣ እመጣለሁ።»

ያን ጊዜ እንግዲህ የአንድ ለአምስት ዘመን ነው። ከላይ በመጣው መመሪያ መሠረት ልጆቹ በቡድን በቡድን ተቀምጠዋል፤ በየቡድኑ አንድ ጎበዝ ይመራል፣ የቀሩት ከእሱ ይማራሉ ተብሏል። የምሥጋና ቡድን መሪ ሰልሰቢል ናት፣ የባለሱቁ የጀይሉ ልጅ። ይቺ ሰልሰቢል መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር ታነበንበዋለች፤ አንደበቷማ አይጣል ነው። ጽጌረዳ ገብታ ምሥጋናን ብቻዋን አስነሣቻትና ሰሌዳው ላይ ያለውን ቃል አሳየቻት። ልጅቷ ሰሌዳውን አላየችም። በቀጥታ የሰልሰቢልን ከንፈር አየች።

ነገሩ ለጽጌረዳ ያኔ ተገለጠላት። ምሥጋና እስከ ዛሬ የመለሰችው ሁሉ ትክክል ነበር፤ ሁሉንም በጆሮዋ የነገረቻት ግን ሰልሰቢል ናት። ልጆቹ ይህን እንደ ማታለል አይቆጥሩትም፤ ጓደኛ ሲቸገር ዝም ብሎ ማየት ነው ነውሩ። እና መምህሯስ? መምህሯ «አጨብጭቡላት!» እያለች ስታስጨበጭብ ከርማለች። ጽጌረዳ ራሷን በጥፊ ብትመታው ደስ ባላት።

ማክሰኞ ምሥጋናን ከቡድኗ አውጥታ ሰሌዳው ሥር አስቀመጠቻት። ለቀሩት ልጆች ከመጽሐፉ የሚገለበጥ ጽሑፍ ሰጠች። ኧረ ምን ጽሑፍ! ለአምስት ልጅ አንድ መጽሐፍ ነው ያለው፤ ወዲያው እሱን ይዘው መጓተት ጀመሩ። አንዱ የሌላውን እርሳስ ነጠቀ፣ የተነጠቀው አለቀሰ፣ ከኋላ ያሉት ወንበር ገለበጡ። በጩኸቱ መሐል ርእሰ መምህሩ አቶ ዘመድኩን ብቅ አለ።

«መምህርት፣ ቡድኑን ለምን በተንሽው? አሁን ሱፐርቫይዘር ቢመጣ ምን ልለው ነው?»

«አንዲት ልጅ ፊደል እንድትለይ ብዬ ነው።»

«የቀሩትስ?»

እሳት ለብሳ እሳት ጎረሰች፤ ጥያቄው ልክ መሆኑ ነበር ይበልጥ ያናደዳት። ቡድኑን መልሳ ሰበሰበች።

ረቡዕ ደግሞ መምህራን በሙሉ ስብሰባ ተጠሩ። ስለ ምን ቢባል፣ የቡድን ትምህርት ሪፖርት እንዴት እንደሚሞላ! ጠዋቱ በዚያ አለቀ፤ ልጆቹ ሜዳ ላይ አቧራ ሲያቦኑ ዋሉ። ጽጌረዳ ከጭንቅላቷ የሚወጣው ነበልባል የማይታየው ቀን ሆኖ ነው። የመውጫው ደወል ሲደወል ግን ምሥጋናን እጇን ይዛ አስቀረቻት።

መጽሐፉን ገለጠች። የባቡር ሥዕል፣ ከሥሩ «ባቡር»። እስቲ አሁን የአርባ ምንጭ ልጅ ባቡር የት አይታ? ቤቷ ውስጥ የሚነገረው ጋሞኛ፣ አማርኛው ገና በአፏ ያልተገራ፣ ጭራሽ ባቡር! መጽሐፉን ወዲያ ወረወረችውና በጠመኔ «ሙዝ» ብላ ጻፈች። አባቷ ጫኖ ላይ ሙዝ አለው፤ ልጅቷ ያደገችው በዚያ ቅጠል ሥር ነው።

«ሙ» አለች ጽጌረዳ። «ሙ» አለች ምሥጋና። ብዙ ደከሙ። ልጅቷ ስትስት አንገቷን ትደፋለች፤ ከዚያ ቃል አይወጣትም፣ ዝም ብሎ መጠበቅ ነው። ጽጌረዳ ጥርሷን ነክሳ ጠበቀች። ፀሐይዋ ከመስኮቱ ልትወርድ ስትል ምሥጋና ቀና ብላ፣ ማንም ሳይነግራት፣ «ሙዝ» አለች። ያጠፋች መስሏት ደንግጣ መምህሯን አየቻት።

ሐሙስ ከክፍል በኋላ ነገሩ ተገለበጠ። ማንጎ አነበበች። ውሃ አነበበች። ቀስ እያለች፣ በመሐል እያረፈች፣ «አባባ ሙዝ ተከለ» የሚለውን ጨረሰችው። ጽጌረዳ እልል ልትል ምንም አልቀራትም። ዘበኛው በሩን ልዝጋ ብሎ እስኪያባርራቸው ደጋገሙት። ልጅቷ እየዘለለች ሄደች፤ ጽጌረዳም በዚያ ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ ራት በላች።

ዓርብ ሊረፍድ ሲል አቶ ዳልጮ መጣ። ለመምህሯ ብሎ አንድ እጅ ሙዝ ይዟል። ጽጌረዳ ሰውየውን በሩ አጠገብ አስቀመጠችውና «ማንም እንዳይናገር! ጸጥ!» ብላ ክፍሉን አስጠነቀቀች። ሰሌዳው ላይ «አባባ ሙዝ ተከለ» ብላ ጻፈች።

ምሥጋና ተነሣች። ሰልሰቢልን አላየችም። ሰሌዳውን አየች። «አ...» አለች። «አባ...» አለች። ቆመች። ማረፏ ነው፤ ጽጌረዳ ታውቀዋለች፣ ትናንትም እዚህ ላይ አርፋለች። ትንሽ ብቻ፣ ትንሽ ዝም ቢሏት!

ግን የጓደኛቸው ጭንቀት አላስቻላቸውም። መጀመሪያ ሰልሰቢል ቃሉ አመለጣት። ቀጥሎ ቡድኗ። ከዚያ ክፍሉ በሙሉ ጣራው እስኪነቀል፣ «አባባ! ሙዝ! ተከለ!» አለና፣ እንደ ለመደው፣ ለምሥጋና አጨበጨበላት።

«ማን ጠየቃችሁ!» ጽጌረዳ ጠረጴዛውን ደበደበችው። «ዝም በሉ አላልኳችሁም? አላልኳችሁም?»

በጥድፊያ ሰሌዳውን ጠርጋ «ውሃ» ብላ ጻፈች። ምን ዋጋ አለው፤ ምሥጋና ፊቷን በሹራቧ እጅጌ ሸፍና ማልቀስ ጀምራለች።

«ትናንት አንብባለች! በእግዚአብሔር ስም፣ አቶ ዳልጮ፣ ትናንት አንብባዋለች!» አለች ጽጌረዳ። የገዛ ድምፅዋ የውሸታም ድምፅ ሆኖ ተሰማት።

«አምንዎታለሁ፣ ቲቸር። ግን የተባባልነው ለዛሬ ነው፤ አክስቷም ልትወስዳት መጥታ መናኸሪያ ላይ እየጠበቀች ነው።» ሙዙን ጠረጴዛው ላይ አኖረ። «ለፍተውባታል። እግዚአብሔር ይስጥልን።» የልጁን እጅ ይዞ ወጣ።

ጽጌረዳ ተከትላ ስትወጣ ሰልሰቢልና ቡድኗ ቀድመዋታል። ትልልቆቹ ሲነጋገሩ ሾልከው ኖሮ፣ ከቧንቧው ሥር እርጥብ ሣር ከነአፈሩ ነቅለው፣ በሁለት እጃቸው ይዘው፣ በአቶ ዳልጮ መንገድ ላይ ተንበርክከዋል። ጋሞ አገር ሽማግሌ እርጥብ ሣር ይዞ ከተንበረከከ፣ ያንን ረግጦ የሚያልፍ ሰው የለም፤ ጦር የተማዘዘ እንኳ ይቆማል። ልጆቹ ይህን ከአባቶቻቸው አይተዋል። ሰልሰቢል የሙስሊም ነጋዴ ልጅ ብትሆንም ያደገችው እዚሁ ነው።

«ጋሼ ዳልጮ፣ ያጠፋነው እኛ ነን» አለች። «እሷን ይማሯት።»

የጽጌረዳ ልብ ዘለለ። እንግዲህ በየት በኩል ያልፋል!

አቶ ዳልጮ አልሳቀባቸውም። ለትልልቅ ሰዎች እንደሚያደርገው ቆቡን አወለቀ። ሣሩን ከያንዳንዳቸው ተቀበለና አንድ በአንድ አነሣቸው። «ተነሡ፣ ልጆቼ። እኔ በእሷ አልተቆጣሁም። በእናንተም፣ በቲቸርም አልተቆጣሁም። ሰላም ነን።» እንዲያምኑት ብሎ የምሥጋናን ግንባር ሳመ። ሣሩን ሰው እንዳይረግጠው ግድግዳው ሥር አስቀመጠ። ከዚያ እጇን ይዞ በበሩ ወደ መናኸሪያው ወጣ።

ጽጌረዳ ቆማ ቀረች። ምነው ተቆጥቶ በነበረ! ምነው ቢሰድባት፣ ምነው ቢጮህ! የተጣላን ሰው ሣሩ ያቆመዋል። ያልተጣላን ሰው በምን ታቆመዋለች?

ልጆቹ ግን በደስታ እየተገፋፉ ገቡ። «ታረቀ! ጋሼ ዳልጮ ታረቀ!» ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ። ሰልሰቢል ጉልበቷ ጭቃ እንደሆነ መጥታ የመምህሯን ጋዋን ጎተተች።

«ቲቸር፣ ሰኞ ምሥጋና ስታነብ አልነግራትም። እንዲህ ነው የምሆነው።»

ሁለት እጇን አፏ ላይ ከደነች። ቡድኗ አይቶ እንደ እሷ አደረገ። ከኋላ ያሉትም እያዩ አፋቸውን ያዙ። በዚያ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ክፍሉ በሙሉ ጸጥ አለ።