የመጀመሪያው ማንኪያ

…ካሮቱ በስሏል፣ ደፍጥጦታል፣ አሁንም ይደፈጥጠዋል፣ አንዲት ቅንጣት ሳትልም ብትቀርስ፣ በጣቱ ይዳስሰዋል፣ ብረት ሲበይድ የሚውል ጣት ለስላሳውን ከሻካራው ይለይ ይሆን፣ እጁን ሁለቴ ታጥቧል፣ ይድገም? ይበቃል። ልጁ ስድስት ወር ሞልቷታል፣ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ማንኪያውን በዓይኗ ትከተላለች፣ ሚስቱ ዛሬ ሥራ ጀምራለች፣ አደራ ብላው ወጥታለች፣ የጤና ጣቢያዋ ነርስም ነግራዋለች፣ ቀጥ አድርገህ አስቀምጣት፣ ለመጀመሪያ አንድ ዓይነት ምግብ ብቻ፣ ዓመት ሳይሞላት ማር እንዳታስቀምሳት፣ ለውዝ እንዳለ እንዳትሰጣት፣ ለውዝ።

ነርሷ ለውዝ ስትል ጆሮው ጭው አለ። ሰባት ዓመቱ ነበር፣ ታናሽ እህቱ እጇን ዘረጋችለት፣ ከያዘው አካፈላት፣ አንዲት ፍሬ፣ ደግ ወንድም፣ ከዚያ አነቃት፣ ዝም አለች፣ ድምፅ የለም፣ እናቱ ከጓሮ ስትደርስ… ተወው። አሁን ተወው።

እናቱ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ቀሚስ ትጠቅማለች፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስለዚያ ቀን አንድ ቃል አልወጣትም፣ ከሱም አልወጣም፣ ታውቅ ይሆን? ማን እንደሰጣት?

በል እንግዲህ። ማንኪያው ይሄዳል፣ ጫፉ ላይ ትንሽ፣ ልጅቷ ትልሳለች፣ ግራ ይገባታል፣ ከዚያ ዓይኗ ይፈጣል፣ ፊቷ ይቀላል፣ ታስላለች፣ ጣቱ ወደ አፏ ይሮጣል፣ አይሆንም፣ ነርሷ ምን አለች፣ እያሳለች ከሆነ ራሷ ታወጣዋለች፣ ጣትህን አትክተት፣ ወደ ውስጥ ትገፋዋለህ፣ የሚያስፈራው ዝም ስትል ነው፣ ታስላለች፣ ተመስገን ታስላለች፣ እሳት የማይፈራ እጅ አየር ላይ ይቆማል፣ ነይ ልጄ፣ አውጪው የኔ ዓለም። ካሮቱ አገጯ ላይ ዱብ ይላል።

እሷ ትስቃለች። እሱ ያለቅሳል፣ ትልቅ ሰውዬ፣ ስቅስቅ ብሎ።

እናቱ መርፌዋን አስቀምጣ ትመጣለች፣ ራሱን ወደ ደረቷ ታስጠጋለች።

«አንተ እንደሰጠሃት አውቃለሁ» ትላለች። «ለውዙን ልጆች በሚደርሱበት ያስቀመጥኩት ግን እኔ ነኝ። አንተማ ልጅ ነበርክ።»

ሠላሳ ዓመት፣ ሁለቱም፣ በየፊናቸው፣ አንድ ጣሪያ ሥር።

ልጅቷ ጠረጴዛውን ትደበድባለች፣ ለነሱ ሐዘን ጊዜ የላትም። እማዬ፣ ይላል፣ ቀጣዩን አንቺ ስጫት። እናቱ ማንኪያውን ትቀበላለች፣ ክርኗን ከሥር ይደግፍላታል፣ ቀስ፣ ትንሽ ብቻ፣ ቀስ፣

ልጅቷ ዋጠች።