የሦስተኛው እምቢልታ ምትክ

አባቴ ሰርጌን ሁለት ጊዜ ያስተላለፈው ሙሽራውን ጠልቶ አይደለም። ድረስን ይወደው ነበር። ዳባት የሚያስተምር፣ የቄስ ወልደ ገብርኤል ልጅ፣ ቁጥብ፣ ሰው አክባሪ፤ ምን እንከን ይወጣለታል? ችግሩ እምቢልታ ነበር።

አባቴ ደምለው ከደባርቅ እስከ ጃናሞራ የታወቀ እምቢልተኛ ነው። እምቢልታ እንደ ዋሽንት አንድ ሰው ለብቻው የሚጫወተው ነገር አይደለም። ሦስት ሆነው ይነፉታል፤ እያንዳንዱ የያዘው የራሱን ድምፅ ብቻ ነው። አንዱ ያነሣል፣ ሌላው ይቀበላል፣ ወፍራሙ ከሥር ይዘጋል፤ ዜማው ከሦስቱ ትንፋሽ ይገጣጠማል። አንዱ ከጎደለ ዜማ የሚባል የለም። ቀጭኑን አባቴ፣ መካከለኛውን አያ ያርጋል፣ ወፍራሙን አለነ ይነፉ ነበር። አለነ ሰሊጥ ሊያጭድ ሁመራ ወረደና እዚያው አግብቶ ቀረ፤ እምቢልታውም አብሮት ቀረ። ሌላ እናስቀርጽ ስንለው አባቴ፣ የሚቀርጸው ሽማግሌ ከሞተ ቆየ ይለናል። የሀገሩን ሙሽራ ሁሉ በእምቢልታ ሸኝቼ የራሴን ልጅ በባዶ ጭብጨባ አልሰድም ብሎም ማለ። ሸክላ ሠሪ በገል ይበላል ብለው ሲያባብሉት ይብስበታል።

አንደኛው ጥር እንዲህ አለፈ። ከፋሲካ በኋላ ተባለ፣ እሱም አለፈ። አልሸሹም ዞር አሉ ማለት ይኼ ነው። ሁለተኛው ጥር ሲገባ ቄስ ወልደ ገብርኤል ሽማግሌ ላኩ፤ ጾመ ነነዌ ሳይገባ ካልሆነ ለልጃችን ሌላ ቤት እናያለን አሉ። እኔ ድረስን እወደዋለሁ፤ አባቴን እፈራዋለሁ፤ አለነን ደግሞ ባገኘው በገዛ እምቢልታው ራሱን እለው ነበር።

ወሬው የመጣው በዚያው ሰሞን ነው። ከአዲስ አበባ፣ ከዩኒቨርሲቲው፣ የሙዚቃ መምህራን ከነተማሪዎቻቸው መጥተው ደባርቅ ላይ የትሮምቦን ቀን ሊያደርጉ ነው ተባለ፤ ጠዋት ኮንሰርት፣ ከዚያ ለየከተማው የኪነት ቡድን ትምህርት፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የተማሩት የሚፈተኑበት ሌላ ኮንሰርት። ከናስ መንፊያዎች ሁሉ ለምን ትሮምቦን ብቻ እንደሆነ ማንም አላወቀም። ከአንድ ወዳጅ ሶሻሊስት አገር በብዛት ተልኮ ነው የሚሉ ነበሩ። እኔ የቀበሌያችን የኪነት ቡድን ዘፋኝ ስለነበርኩ ተመዘገብኩ፤ ግድ ነበር።

በዕለቱ የትምህርት ቤቱ ሜዳ ጢም ብሎ ሞላ። የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ገሠሠ ስለ ኪነትና ስለ ምርት ዘመቻ ረጅም ንግግር አደረጉ፤ ነፋሱ ግማሹን ወሰደልን። ከዚያ አምስት ሰዎች ተሰለፉ። ከተራራው የሚወርደው ብርድ ከንፈራቸውን ስላደረቀው መጀመሪያ የወጣው ድምፅ የታመመ በሬ ይመስል ነበር፤ ሕዝቡ ሳቀ። ሲሞቃቸው ግን አማረ። ረጅሙን ቧንቧ ወደ ፊት ሲገፉት የፊተኛው ረድፍ አንገቱን ይደፋል፣ ሲስቡት ቀና ይላል። በመካከሉ አንደኛው፣ መምህር ሀብተ ሚካኤል የሚባለው ቀልደኛ ወፍራም ሰውዬ፣ ከሆዱ አንድ ዝቅ ያለ ድምፅ አወጣ።

አባቴ ክንዴን ጨምድዶ ያዘኝ። «ይኸ የአለነ ድምፅ ነው» አለኝ።

ትምህርቱ ክፍል ውስጥ ነበር። መምህር ሀብተ ሚካኤል ከንፈራችሁን እንደ ንብ አስጩኹ እያለ ያስቀን ነበር። ቧንቧው የት የት ሲደርስ የትኛው ድምፅ እንደሚወጣ አሳየንና አንዲት አጭር ዜማ ሰጠን። በመጨረሻም ዋናውን ነገር ነገረን፤ በከሰዓቱ ኮንሰርት ዜማዋን ከዳር እስከ ዳር አሳምሮ ላቀረበ ቡድን አንድ ትሮምቦን እስከ መጪው ዓመት በአደራ ይተዉለታል። የአምባ ጊዮርጊሶቹ ተያዩ። የዳባቶቹ ወዲያው ልምምድ ጀመሩ፤ ድረስ የእነሱ ቡድን ኃላፊ ነበር። እኔ ግን ገና ሁለተኛውን ድምፅ ሳላገኝ በመስኮቱ የአባቴ ጥምጥም ብቅ አለ።

«ደብሪቱ፣ ያን ወፍራሙን ያዥ። የቀረውን ተይው» አለኝ።

ለምሳ ስንለቀቅ የመለማመጃውን ትሮምቦን ይዤ ወጣሁ፤ አባቴና አያ ያርጋል ከትምህርት ቤቱ ጀርባ እምቢልታቸውን ይዘው ይጠብቁኝ ነበር። አባዬ፣ ፈተናው ሙሉ ዜማ ነው፣ በአንድ ድምፅ አላልፍም አልኩት። አልሰማኝም። ያ ድምፅ በልጅነቴ ጆሮዬ ውስጥ የገባ ስለነበር ቶሎ አገኘሁት። የከበደኝ ዝም ማለቱ ነው። ተራዬ ሳይደርስ በነፋሁ ቁጥር አባቴ፣ የሰው ድምፅ አትንጠቂ እያለ ይቆጣኛል። ተራው ሲገጥምልን ግን ያ ዓመት ሙሉ ጠፍቶ የነበረው ዜማ ከነነፍሱ ተነሣ። አያ ያርጋል ዓይኑን ጨፍኖ ፈገግ አለ። እኔም ሰርጌን እዚያ ግድግዳ ሥር ያየሁት መሰለኝ፤ ትሮምቦኑ ከቀረልን ማለቴ ነው።

ከሰዓት በኋላ የአምባ ጊዮርጊሱ ልጅ ዜማዋን ግማሽ ላይ ጣላት። የዳባቱ ሁለት ቦታ ተደናቀፈ እንጂ ከዳር አደረሳት፤ ድረስም አጨበጨበለት፤ እኔን ሲያይ ግን እጁ ቀዘቀዘ። ከዚያ ስሜ ተጠራ። ወጣሁ። አንዱን ድምፅ ነፋሁ። ቆምኩ። ደግሜ ያንኑ ነፋሁ። ሕዝቡ ተንጫጫ፣ ጓድ ገሠሠ ግንባራቸውን ያዙ፣ መምህሩ በጎ ፈገግታ እያሳየኝ ቀጥይ አለኝ።

«ሌላ አላውቅም። የእኔ ይኸው ነው» አልኩት። ፊቴ ጋለ፤ መሬት ብትከፈት እገባ ነበር።

አባቴና አያ ያርጋል ከሕዝቡ መካከል ተነሡ። ማንንም አላስፈቀዱም። አባቴ አነሣ፣ አያ ያርጋል ተቀበለ፣ እኔ ከሥር ዘጋሁ። መጀመሪያ አክስቴ በለጠች እልል አለች፣ ከዚያ ሜዳው ሁሉ ተነሣ፤ እስክስታው ጓድ ገሠሠን ሳይቀር ወሰዳቸው። ስንጨርስ የዳባት ልጆች ብቻዋን አልነፋችም፣ የተሰጠውንም ዜማ አይደለም ብለው ጮኹ። እውነታቸውን ነው። መምህር ሀብተ ሚካኤል ተቸግሮ አባቴን ለምን እንዲህ እንዳደረገ ጠየቀው፤ አባቴም የሰርጉን ጉዳይ ከነአለነ አንድ ሳያስቀር ተረከለት። ያን ጊዜ ድረስ ከዳባቶች መካከል ብድግ አለ።

«ትሮምቦኑ እዚሁ ይቅር» አለ። «እኔ ወደ ዳባት ይዤ መሄድ የምፈልገው ሙሽራዋን ነው።»

ቡድኑ ለወራት አኮረፈው፤ ትሮምቦኑ ግን ደባርቅ ቀረ። ሰርጉ ከነነዌ በፊት ባለው እሑድ እንዲሆን ተቆረጠ፣ ጠላው ተጠነሰሰ፣ ዳሱ ተጣለ። አባቴ ከደስታው ብዛት እንደ ልጅ ሆነ። ይሄ ሁሉ ሲሆን አንድ ነገር ማንም አላሰበም። ሽንኩርት ስንልጥ በለጠች ድንገት እጇን አቆመችና ወፍራሙን ማን ሊነፋው ነው ብላ ጠየቀች። ተያየን። በሀገሩ ያንን ድምፅ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሷም ሙሽራዋ ናት። አባቴ ስለ ድምፁ ሲያስብ እኔን ረስቶኝ ነበር።

ከቡድናችን አሻግሬን ሊያስተምሩት ሞከሩ። አሻግሬ ጎበዝ ነው፣ ግን ዝም ማለት አያውቅም፤ የሦስቱንም ድምፅ ብቻውን ሊነፋ ይሮጣል። አባቴ ተስፋ ቆርጦ፣ ለሌላ ጊዜ ይሁን እንዴ ማለት ሲጀምር በለጠች ቢላዋውን እንደያዘች ተነሣች፤ የጀመረውን ቃል ዋጠው። ሙሽራዋ ራሷ ብትነፋ ምን ትላላችሁ ተብሎ ለድረስ ቤት ተላከ። ቄስ ወልደ ገብርኤልም ሙሽራ አትንፋ የሚል መጽሐፍ አላነበብኩም፣ ብቻ እሑድ ትምጣልን ብለው መለሱ።

እሑድ ካባዬን ደርቤ፣ ትሮምቦኑን ታቅፌ ደጃፉ ላይ ቆምኩ። ሚዜዎቹ አፋቸውን ከፍተው ያዩኛል። ሙሽራ ከአባቷ ቤት ስትወጣ ታለቅሳለች፤ እኔ ግን ናስ ከንፈሬ ላይ ስለነበረ አልተመቸኝም። አባቴ አነሣ፣ አያ ያርጋል ተቀበለ፣ እኔ ዘጋሁ። ዜማው እየሞቀ ሄዶ ሴቶቹ እልልታውን ሲያቀልጡት፣ የአባቴ ድምፅ ጠፋ። ዞር ብዬ አየሁት። እምቢልታው ከንፈሩ ላይ አለ፣ ትንፋሽ ግን የለውም። እንባው ጢሙን አርሶታል። አባቴ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም፤ እናቴ ስትቀበር እንኳ ሰው ሲያጽናና ነበር የዋለው። ያን ጊዜ ገባኝ። እኔን መስጠት አቅቶት ነበር፤ አለነን ሰበብ አደረገው።

«አልወጣልኝም፣ ልጄ» አለኝ በቀስታ።

 ድረስ ከበቅሎው አጠገብ ሆኖ ኮፍያውን አወለቀ።

«አይቸኩሉ፣ አያ ደምለው። መጠበቁን ለምጄዋለሁ» አለው።

አባቴ በእንባው መሀል ሳቀ። ፊቱን በኩታው ጠረገና እምቢልታውን አነሣ። ቀጭኑ ወጣ፤ ጥርት ብሎ ወጣ። አያ ያርጋል ተቀበለው። ተራው ወደ እኔ መጣ፣ ሁሉም ጠበቀኝ፤ እኔ ግን ትሮምቦኑን ደረቴ ላይ አጥብቄ አለቀስኩ።