የፊደል አሚን

ኑርዬ ልጅ ሳሉ፣ አርዲቦ ሐይቅ ዳር ሁለት ሴቶች ሲያወጉ ሰምተው ነበር። «ለልጅ ትምህርት ዱዓ ይቅደም» ነበር ያሉት ወይስ «ይከተል»? እስከ ዛሬ ጠፍቷቸዋል።

ልጃቸው ከጅዳ ደውላ፣ «ለዒድ ስመጣ ሰሚሃ ፊደል ቆጥራ ትጠብቀኝ» ስትላቸው ለልጅ ልጃቸው የቤት ትምህርት ፕሮግራም አወጡ። እንዳይሳሳቱም ከፊደል በፊት ዱዓ፣ ከፊደል በኋላ ዱዓ፣ ከቁጥር በፊትም በኋላም ዱዓ አደረጉ።

ልጅቱ ለመደችው።

«ሀ በይ።»

«አሚን።»

«ሁ በይ።»

«አሚን።»

ባለቤታቸው ሀዲያ ከጓዳ ሳቁ። «አንቱ ሰውዬ፣ እናቷ ስትመጣ ይህችው አሚን ልትቆጥርላት ነው?»

ኑርዬ ጨነቃቸው። ቆይተው ግን ሰሚሃን፣ «በይ እንግዲህ መራቂዋ አንቺ ሁኚ፤ አሚኑን እኔ እላለሁ» አሏት።

ሰሚሃ ትራስ ተደግፋ እንደ ሼህ ተቀመጠችና መዳፏን ዘረጋች።

«ሀ፣ ሀብት ይስጣችሁ።»

«አሚን።»

«ለ፣ ላም ይስጣችሁ።»

«አሚን።»

«ሐ፣ ለሐጅ ያብቃችሁ።»

«አሚን፣ አሚን» አሉ ኑርዬ።

ልጅቱ እዚህ ላይ አፏን ዘጋች።

«መ ቀርቷል እኮ፣ የኔ እናት።»

«አሚን ባዩ ጀመዓ አነሰ። እማማ ካልመጡ መ አይወጣም።»

«ወጡ ያርብኛል» አሉ ሀዲያ።

«ይረር» አለች መራቂዋ።

ሀዲያ ድስቱን አወረዱና፣ ፊደሉ እስኪያልቅ ድረስ በየጠዋቱ ከባላቸው ጎን ተቀምጠው አሚን ሊሉ ተስማሙ።